ልጁን ተዉትና ጊታሩን ስሙት፦ ስለ ኒክ ድሬክ «ፒንክ ሙን»

(በሙዚቃ አዳማጮች የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከቀረጻው የተገለበጠ ነው፤ የተቀነሰው ጥቂት ብቻ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ!

ከኋላ ይሰማል? እሺ፣ ጥሩ። የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ከፊት ቦታ አለ። ሁልጊዜም ከፊት ቦታ አለ። ተናጋሪው ምን ያደርገናል ብለን እንደምንፈራ እንጃ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ስትጋብዙኝ «ስለምትወደው አንድ አልበም አውራን» ነው ያላችሁኝ። ሙዚቀኛን እንዲህ ብሎ የጋበዘ ሰው እራቱን ቀድሞ መብላት አለበት። ግን አይዟችሁ፤ የመረጥኩት አልበም አጭር ነው። 11 ዘፈን፣ 28 ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ። በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ ታክሲ ብትይዙ መገናኛ ሳትደርሱ ያልቃል።

አልበሙ «ፒንክ ሙን» ይባላል። ዘፋኙ ኒክ ድሬክ ነው፤ እንግሊዛዊ ነው፤ ግጥሙም ዜማውም ጊታሩም የራሱ ነው። በፌብሩዋሪ 1972 ወጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ልጁ ማን ነበር? እሱን ቶሎ እንጨርሰዋለን። ሁለተኛ፣ አልበሙ እንዴት ተሠራ? እዚያ ላይ እንቆያለን። ሦስተኛው ጠብ ነው። ከማን ጋር እንደምጣላ ስንደርስ ታያላችሁ።

እሺ፣ አንደኛ።

ኒክ ድሬክ በ1948 በርማ ውስጥ፣ ራንጉን ከተማ ተወለደ። አባቱ እዚያ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተመለሰና ታንወርዝ ኢን አርደን በምትባል የገጠር መንደር ኖረ። እናቱ ሞሊ ድሬክ ፒያኖ እየመታች ዘፈን ትደርስ ነበር። ለመድረክ አይደለም፤ ለቤት ነው። ባሏ በቴፕ ቀድቶላታል፤ ያ ቅጂ እሷ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ታተመ። አግኝታችሁ ስሙት። የልጁ ዜማ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግራችሁ ትሰሙታላችሁ።

ካምብሪጅ ገባ፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሊማር። ሳይጨርስ ወጣ። ገና ተማሪ ሳለ ለንደን መድረክ ላይ ሲጫወት ፌርፖርት ኮንቬንሽን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ አባል አሽሊ ሃቺንግስ አየው። ለፕሮዲውሰሩ ለጆ ቦይድ ነገረው። በ1969 የመጀመሪያው አልበም «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» ወጣ፣ በ1971 ሁለተኛው «ብራይተር ሌይተር»። ሁለቱም ውስጥ ሌሎች ሙዚቀኞች አሉ። ቫዮሊኑ፣ ባሱ፣ ከበሮው፣ ሁለተኛው ላይ ሳክስፎንም አለ። ጥሩ ናቸው። አልተሸጡም። ሦስቱም አልበሞች ሲወጡ እያንዳንዳቸው 5,000 ቅጂ እንኳ አልሞሉም ነው የሚባለው።

ለምን አልተሸጡም? አንዱ ምክንያት መድረክ አለመውደዱ ነው። ቃለ መጠይቅም አይወድም። አዋቂ ከሆነ በኋላ የተቀረጸ ተንቀሳቃሽ ምስል እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። በ1970ዎቹ፣ ቢቢሲ ባለበት አገር! ዘፈኑን በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ሲራመድ ግን አይታችሁት አታውቁም።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ወደ ጊታሩ ይወስደናል። እዚህ ጋ ትንሽ ልዙር፤ ፍቀዱልኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ ጊታር እጫወት ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም። አንድ ዘፈን እጨርስና ለሚቀጥለው ሁለት ክር ላላ አደርጋለሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ክርር። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። አንድ ቀን ቁርጥ የሚበላ ደንበኛ ዞር አለና «ወንድም፣ ተበላሸብህ እንዴ?» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ጠራኝ። «በመሃል ዝምታ አትፍጠር፤ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝምታ ሲመጣ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል።

በኋላ አንድ የክራር አባት ነገሩን አስረዱኝ። እኚህ ሰው ለሥራ ሲወጡ ሁለት ክራር ይዘው ነው የሚወጡት። «ለምን ሁለት አባባ?» ስላቸው፣ «አንዱ ትዝታ ነው፣ አንዱ አንቺሆዬ ነው። ሰው ፊት ክር ስጠመዝዝ ልታይ ነው እንዴ?» አሉኝ። ክራር የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ክሩ እንደገና መቃኘት አለበት። ጣትህን ብቻ አዙረህ አትሻገርም።

ጊታር ግን እንዲህ አይደለም። ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ይቃኛል፣ ያው ነው፤ ስድስቱ ክሮች ከላይ እስከ ታች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። በዚያ ቅኝት ሠርግም ቸርችም ሮክም ይሠራል። ኒክ ድሬክ ያንን አልተቀበለም። ዘፈን በዘፈን ጊታሩን እንደገና ይቃኝ ነበር። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ፒንክ ሙን» የሚለው የርዕሱ ዘፈን በሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ኢ ነው የተቃኘው፤ ካፖው፣ ክሮቹን የሚጫነው መቆንጠጫ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፤ ፍሬት የምንለው አንገቱ ላይ የተጋደመውን ብረት ነው። ጊታር ያላችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እንዲህ ቃኙትና ምንም ሳትጫኑ ክሮቹን በአውራ ጣት ጠረግ አድርጓቸው። ገና ምንም ሳትጫወቱ ግማሹ አልበም ክፍሉ ውስጥ ነው። በተራው ቅኝት ግን የፈለጋችሁትን ያህል ጣታችሁን ብትዘረጉ ያ ድምፅ አይመጣም። ተማሪዎቼ ዩቲዩብ አይተው ይመጡና «ጋሼ፣ ኮርዱ ትክክል ነው፣ ለምን አይመስልም?» ይሉኛል። ኮርዱ ሳይሆን ክሩ ነው ልጆች!

አሁን ይህን ሰው መድረክ ላይ አስቡት። ዓይነ አፋር ነው። አንድ ዘፈን ይጨርሳል። አጎንብሶ ክር ይጠመዝዛል። ቀልድ አያወራ፣ «እንዴት ናችሁ» አይል። አዳራሹ ማውራት ይጀምራል። የቢራ ብርጭቆ ይንኳኳል። ይቃኛል፣ ይዘፍናል፣ እንደገና ይቃኛል። እንግሊዝ ውስጥ በየክበቡ የሆነበት ይኸው ነው። ሁለተኛ ጊታር የሚያቀብለው ሰው አልነበረውም። ስለዚህ ተወው፤ መድረኩን ተወው።

ሁለተኛው ነጥብ ውስጥ ገብተናል ማለት ነው። አልበሙ እንዴት ተሠራ?

ኦክቶበር 1971 ነው። ጆ ቦይድ በዚያ ዓመት ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዷል። ድርጅቱን ለሸክላ አሳታሚው ኩባንያ ለአይላንድ ሪከርድስ ሲሸጥ አንድ ነገር አስፈርሟል፦ የኒክ ድሬክ አልበሞች ከገበያ እንዳይወጡ። ተሸጡም አልተሸጡም፣ ይታተሙ! እዚህ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ይህን ዓይነት ውል ማን ይፈርማል? ግን ተፈረመ። እኛ ዛሬ ስለዚህ ልጅ የምናወራው በከፊል በዚያች አንቀጽ ምክንያት ነው።

ኒክ ለሳውንድ ኢንጂነሩ ለጆን ዉድ ደወለ፤ መቅረጽ እፈልጋለሁ አለ። የዉድ ስቱዲዮ ሳውንድ ቴክኒክስ ይባላል፤ ለንደን፣ ቼልሲ ውስጥ፣ ቀድሞ የወተት ሥራ ይሠራበት የነበረ ሕንፃ ነው። ቀን ቀን በሌሎች ሥራ ተይዟል። ስለዚህ ሌሊት ገቡ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይጀምራሉ። ሁለት ሌሊት። ሁለት ሰው። አንዱ ጊታርና ድምፅ፣ አንዱ ቴፕ።

ሁለት ሌሊት! እኛ ጋ አንድ ነጠላ ዜማ ሚክስ እስኪያልቅ ፍቅረኛሞች ተጋብተው ይወልዳሉ።

ጆን ዉድ ሲያስታውስ፣ ኒክ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ይዞ ነበር የመጣው ይላል። ባዶ፣ ምንም ያልተጨመረበት ሥራ ነበር የፈለገው፤ ከምንም በላይ እሱን ራሱን እንዲሆን። ጆ ቦይድም እንዲሁ፣ ሁለተኛው አልበም ሲያልቅ «የሚቀጥለው ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው» ብሎኛል ይላል። ይህችን ያዙልኝ፤ ለሦስተኛው ነጥብ እፈልጋታለሁ። ቀድሞ ነው የወሰነው።

በጠቅላላው አልበም ውስጥ ከጊታርና ከድምፅ ሌላ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በርዕሱ ዘፈን መሃል አጭር የፒያኖ ሐረግ አለች። እሱው ራሱ ከላይ ደርቦ የተጫወታት ናት። መጣች፣ ወረደች፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ አሥር ዘፈን ይከተላል፤ ፒያኖ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት ቆጠበ!» ይላል። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፒያኖው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ እጁም ይችላል፤ እናቱ ናት ያስጀመረችው። የት መጨመር እንዳለበት አወቀ፣ እዚያ ጨመረ፣ ዘጋው።

አሁን ጣቱን ስሙ። ቀኝ እጁን። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ይዞ ይሄዳል፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይፈትላሉ። ድምፁ ደግሞ ከጊታሩ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ነው የሚገባው። እንደሰነፈ ሰው። ጊታሩ ደርሷል፣ ድምፁ «እመጣለሁ» እያለ ነው። ይህን ለመሥራት ሞክሩት! እጃችሁ በምት ላይ ሆኖ አፋችሁ እንዲዘገይ አድርጉት። እኔ ተማሪ ሁሉ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ወይ እጁ ይከተለዋል፣ ወይ አፉ ይቸኩላል።

«ሆርን» የሚባል አለ፤ ቃል የለበትም፣ አንድ ደቂቃ ተኩል አይሞላም። «ኖው» የሚባል አለ፤ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይደጋግማል፣ ይደጋግማል፤ እሱ ያንጎራጉራል፣ ከዚያ አራት መስመር ብቻ ይላል። አለቀ። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን «ይሄ ገና ረቂቅ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እሱ የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ የከፈተው በዚህ ነው።

ስለ ሸክላው ሽፋን ብዙ አልልም። ማይክል ትሬቪቲክ የሣለው ሥዕል ነው፤ ሕልም የሚመስል። የዘፋኙ ፎቶ ግን የለበትም። ለመሸጥ የማይመች ሽፋን ነው፤ ደግሞም አልሸጠም።

ሦስተኛው። ጠቡ።

ኒክ ድሬክ በኖቬምበር 1974፣ በ26 ዓመቱ፣ በወላጆቹ ቤት ሞተ። ከባድ ድብርት ነበረበት፤ ይታከምም ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን ራሱን እንዳጠፋ ወሰነ። ከሚያውቁት ሰዎች ይህን የሚጠራጠሩ አሉ። እኔ እዚህ ቆሜ ፍርድ አልሰጥም።

የምጣላው ከዚያ በኋላ ከመጣ ልማድ ጋር ነው። ሰው ሁሉ «ፒንክ ሙን»ን የስንብት ደብዳቤ አድርጎ ይሰማዋል። ባዶነቱን ሲሰማ «አየህ፣ ተስፋ ቆርጦ ነበር» ይላል። አጭርነቱን ሲሰማ «አየህ፣ አቅም አጥቶ ነበር» ይላል። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ይህን አልበም የሚያዳምጠው ሲከፋው ብቻ ነው። «ዛሬ ኒክ ድሬክ ነኝ» ይለኛል። ኧረ ተው ወንድሜ! ሰውዬው የሠራው አልበም ነው እንጂ ሶፍት አይደለም።

አንድ ታሪክ አለ፤ ሁልጊዜ ይነገራል። የኩባንያው የፕሬስ ሰው የነበረው ዴቪድ ሳንዲሰን ነው የተናገረው። ኒክ ትልቅ የቴፕ ሣጥን ብብቱ ሥር ይዞ ቢሮው መጣ፤ ሻይ ተሰጠው፤ ጥቂት ተቀመጠ፤ «ልሂድ እንግዲህ» ብሎ ወጣ። በኋላ ከእንግዳ መቀበያው ተደወለ፦ ኒክ ቴፑን እዚህ ትቶ ሄዷል። ሣጥኑ ውስጥ «ፒንክ ሙን» ነበር። ይህን ታሪክ የሚጠራጠሩም አሉ። ታሪኩን የሚወዱት ግን «ምስኪን! መናገር እንኳ አቅቶት!» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ ሥራውን ጨርሷል፣ አስረክቧል፣ ሻይ ጠጥቷል፣ ሄዷል። ስንት ዝምተኛ አናጺ እናውቃለን፣ ጠረጴዛውን በር ላይ አስቀምጦ የሚሄድ! ስለ አናጺው አናለቅስም።

ማስረጃ አለህ ወይ ትሉኛላችሁ። አለኝ።

«ቲንግስ ቢሃይንድ ዘ ሰን» የሚለው ዘፈን የአልበሙ ትልቁ ዘፈን ነው፤ ጨለማውም ብዙ ነው ይባላል። ግን ጆ ቦይድ በሁለተኛው አልበም ላይ እንዲገባ ፈልጎት ነበር! ማለትም ዘፈኑ ቀድሞ ነበረ። በዚያች የመከራ ወር የተተፋ አይደለም። ባዶ አድርጎ የመሥራቱም ውሳኔ ቀድሞ ነበረ፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይቺን ነው።

ትልቁ ማስረጃዬ ግን ይህ ነው። በ1974 ኒክ ወደ ስቱዲዮ ተመልሶ ጥቂት ዘፈኖች ቀረጸ። ያን ጊዜ በእርግጥ ታሞ ነበር፤ በመሃል ሆስፒታልም ገብቶ ወጥቷል። እነዚያን ዘፈኖች ሲቀርጽ ጊታርና ድምፁን አንድ ላይ መሥራት አልቻለም። መጀመሪያ ጊታሩ ተቀረጸ፣ ከዚያ ለብቻው ድምፁ። ሰማችሁ? ያ ከምት ላይ ቀረት የሚለው ድምፅ፣ ያ የማይናወጥ አውራ ጣት፣ አብረው መሄድ አቆሙ። ሕመም ሙዚቃውን ሲይዘው እንዲህ ነው። «ፒንክ ሙን» ላይ ግን እጅና አፍ አብረው ነበሩ፤ በሁለት ሌሊት 11 ዘፈን። ልቡ ታሞ ይሆናል። ሙያው አልታመመም።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ይህን ሸክላ አስቀምጬ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጥቂት ሰማችና «ይሄ ልጅ ማን ሞቶበት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆየችና ቢላዋውን ይዛ ሳሎን ድረስ መጣች። «ድምፁ አዝኗል፤ ጣቱ ግን አያዝንም» አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚህ አልበም የተጻፈ ሳነብ ኖሬያለሁ። እንደዚህ ያለ ሒስ አላገኘሁም።

ስለ ዝናው አጭር ነገር ልበልና ልጨርስ፤ ሰዓት የምታዩ አላችሁ፣ አይቻለሁ። ለረጅም ጊዜ ይህን አልበም የሚያውቁት ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ከእጅ ወደ እጅ በካሴት። በ1999 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ የመኪና ማስታወቂያ ወጣ። ቮልስዋገን ነው፤ የእኛዋ ቮልስ አይደለችም፣ ጣሪያዋ የሚከፈተው። ወጣቶች ሌሊት ጣሪያውን ከፍተው ይነዳሉ፤ ከላይ ጨረቃ አለ፤ «ፒንክ ሙን» ይዘፈናል። ጭፈራ ቤት ይደርሳሉ፣ ጩኸቱን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያዩና መኪናውን አዙረው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት ከተሸጠው በላይ ተሸጠ ይባላል። «ዘፈኑን ለመኪና ሸጡት» ብለው የተናደዱ ነበሩ። እኔ አልተናደድኩም። ማስታወቂያው ቢያንስ ዘፈኑን የሙት ዘፈን አላደረገውም። ለሚነዱ ልጆች ነው የሰጠው።

የመጨረሻው ዘፈን «ፍሮም ዘ ሞርኒንግ» ይባላል። ስለ ንጋት ነው። ጊታሩ ይዘላል። አልበሙን የስንብት ደብዳቤ ነው የሚሉ ሰዎች እዚህ ዘፈን ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ምናልባት ቀድመው ያጠፉታል። ታንወርዝ ኢን አርደን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መቃብሩ ላይ፣ ድንጋዩ ጀርባ፣ ከዚህ ዘፈን የተወሰደ ቃል ተቀርጿል። እንነሣለን፣ በየቦታውም እንኖራለን የሚል ሐሳብ ያለው ነው። ከ11ዱ ዘፈን ቤተሰቡ የመረጠው ይህን ነው። ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቁታል።

እሺ። ሸክላውን ይዤ መጥቻለሁ። አስቀድሜ ሁለተኛውን ገጽ ነው የማጫውተው፤ «ኖው» ላይ ጀምረን «ፍሮም ዘ ሞርኒንግ» ላይ እናበቃለን። በመሃል ጊታሪስቶቹ የግራ እጁን ፍለጋ አትድከሙ፤ ቀኙን ተከተሉ። ከዚያ ሻይ አለ፣ ከዚያ ጥያቄ። ጥያቄ ያላችሁ ግን እባካችሁ ማይኩ እስኪደርሳችሁ ጠብቁ፤ ባለፈው ቀረጻ ላይ መልሱ ብቻ ነው የተሰማው።